የማንስተር ክለቦች የኸርሊንግ ሻምፒዮና ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

የአንድን ክፍለ ሀገር የክለቦች ሻምፒዮና ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የአሸናፊዎችን ዝርዝር ይዞ ይጀምርና ሥራውን እዚያው ላይ ይጨርሳል። ዝርዝሩ የግድ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን አሸናፊው ክለብ በምን መብት ለውድድሩ እንደ ቀረበ፣ ማንን ወክሎ እንደ ተጫወተ፣ ውድድሩም ለምን በዚያ ጊዜ እንደ ተጀመረ አይናገርም። ይህ መመሪያ በደቡባዊ አየርላንድ የሚገኘውን የማንስተር ክፍለ ሀገር የዋና ደረጃ ክለቦች የኸርሊንግ ሻምፒዮና እንደ ምሳሌ ወስዶ፣ እንዲህ ያለው ታሪክ ከምን ተነሥቶ፣ በየትኞቹ ምንጮች ተመርምሮ፣ በምን ጥንቃቄ መጻፍ እንዳለበት ያሳያል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር በገባበት አንድ ቦታ ግን ተለይቶ ይነገራል።

በመጀመሪያ ጨዋታውንና አደረጃጀቱን ይወቁ

ኸርሊንግ በእያንዳንዱ ወገን 15 ተጫዋቾች ተሰልፈው፣ ከአመድ ዛፍ እንጨት በተሠራ፣ ጫፉ ሰፋ ባለ ዱላ ትንሽ የቆዳ ኳስ እየመቱ የሚጫወቱት የአየርላንድ ጥንታዊ ጨዋታ ነው። የገና ጨዋታን ለሚያውቅ አንባቢ ዱላና ሩር እንግዳ አይሆኑበትም፤ በኸርሊንግ ግን ኳሱ በአየር ላይ ይመታል፣ በእጅ ይቀለባል፣ በዱላው ጫፍ ላይ ተይዞም ይሮጥበታል። ኳሱ ከአግዳሚው ብረት በታች አልፎ መረብ ውስጥ ሲገባ ግብ ይባላል፣ 3 ነጥብም ያስገኛል፤ ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ሲያልፍ ደግሞ 1 ነጥብ ይቆጠራል። ውጤት የሚጻፈው ግቡና ነጥቡ ተለያይቶ ስለሆነ፣ 2-17 ማለት 2 ግብና 17 ነጥብ፣ በድምሩም 23 ነጥብ ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ የድሮ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው አሸናፊውን ከተሸናፊው ሊያምታታ ይችላል። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ውጤቶች የሚመረምር ሰው በዚያ ዘመን የግብ ዋጋ የተለየ እንደ ነበረም ማስታወስ አለበት፤ እስከ 1892 ድረስ አንድ ግብ ከማንኛውም የነጥብ ብዛት ይበልጥ ነበር፣ ከዚያም ለጥቂት ዓመታት 5 ነጥብ ሆነ፣ በ3 ነጥብ የጸናው በ1896 ነው።

አደረጃጀቱን ማወቅ ከሕጉ የበለጠ ይጠቅማል። ክለብ ማለት ብዙውን ጊዜ አጥቢያ ማለት ነው፤ ተጫዋቹ ደመወዝ አይከፈለውም፣ በአብዛኛውም የሚጫወተው ለተወለደበት ወይም ለሚኖርበት አጥቢያ ነው። የአጥቢያዎቹ ክለቦች በካውንቲያቸው፣ ማለትም ክፍለ ሀገሩ በሚከፋፈልበት አውራጃቸው ውስጥ ይወዳደራሉ፤ የካውንቲው አሸናፊ ወደ ክፍለ ሀገር ውድድር ያልፋል፤ የክፍለ ሀገሩ አሸናፊ ደግሞ ወደ አገር አቀፉ። ማንስተር ስድስት ካውንቲዎች አሉት፤ እነርሱም ኮርክ፣ ቲፐራሪ፣ ሊመሪክ፣ ክሌር፣ ዋተርፎርድና ኬሪ ናቸው። ኬሪ በዋናነት የጌሊክ እግር ኳስ፣ ማለትም ኳሱ በእጅም በእግርም የሚመታበት የአየርላንድ ጨዋታ አገር ስለሆነ እስካሁን አንድም ክለቡ ይህን የኸርሊንግ ሻምፒዮና አላሸነፈም። ታሪክ ጸሐፊው ግን ኬሪን መዝለል የለበትም፤ የ1891ን የመላው አየርላንድ የኸርሊንግ ሻምፒዮና ያሸነፈው ኬሪን የወከለው የባሊደፍ ክለብ ነበርና።

ታሪኩን ከ1964 በፊት ይጀምሩ

የማንስተር የክለቦች ሻምፒዮና የተጀመረው በ1964 ነው። ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ግን ወደ 1884 መመለስ ያስፈልጋል፤ የጌሊክ አትሌቲክ ማኅበር በዚያ ዓመት ኖቬምበር 1 ቀን፣ በቲፐራሪ ካውንቲ በምትገኘው በተርልስ ከተማ፣ በማይክል ኩሳክና በሞሪስ ዴቪን አነሣሽነት የተመሠረተው። ማኅበሩ የመላው አየርላንድ ሻምፒዮናን በ1887 ሲጀምር፣ ካውንቲን የሚወክለው የዚያ ካውንቲ አሸናፊ ክለብ ነበር። በመጀመሪያው የኸርሊንግ ፍጻሜ ቲፐራሪን ወክሎ የተጫወተው የተርልስ ክለብ፣ ጎልዌይን የወከለውን የሚሊክን ክለብ አሸነፈ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የክለብ ታሪክና የካውንቲ ታሪክ አንድ ነበሩ።

ኋላ ላይ የካውንቲው ቡድን ከብዙ ክለቦች በተመረጡ ተጫዋቾች እየተዋቀረ ሲሄድ፣ የክለቡ መንገድ ካውንቲው ድንበር ላይ ቆመ። ግሌን ሮቨርስ የተባለው የኮርክ ከተማ ክለብ ከ1934 እስከ 1941 ድረስ የኮርክን ሻምፒዮና ስምንት ጊዜ በተከታታይ ሲያሸንፍ፣ ከሌላ ካውንቲ አሸናፊ ጋር በይፋ የሚገናኝበት የክለቦች ሻምፒዮና አልነበረም። ያ ትውልድ ከጎረቤት ካውንቲዎች አሸናፊዎች ጋር ሳይለካ አለፈ፤ ይህ ክፍተት በታሪኩ መግቢያ ላይ በግልጽ መነገር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። የ1964 ውድድር የሞላው ይህንን ክፍተት ነበር፤ የመጀመሪያውንም ዋንጫ ያነሣው የዋተርፎርዱን ማውንት ሳየን ያሸነፈው ግሌን ሮቨርስ መሆኑ ለታሪኩ ተገቢ መነሻ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ዛሬ የማንስተር ሻምፒዮና ወደ አገር አቀፉ ውድድር የሚያሸጋግር ደረጃ ስለሆነ፣ አንባቢው ሲጀመርም ለዚያ ተብሎ የተቋቋመ ይመስለዋል። የመላው አየርላንድ የክለቦች ሻምፒዮና የተጀመረው ግን በ1970–71 የውድድር ዘመን ነው፤ የመጀመሪያው አሸናፊም የኦፋሊውን ሴንት ራይናስ በፍጻሜ የረታው የቲፐራሪው ሮስክሬ ነበር። ስለዚህ የማንስተር ውድድር የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፈው ራሱን የቻለ የመጨረሻ ግብ ሆኖ ነው። የእነዚያን ዓመታት አሸናፊዎች «ወደ አገር አቀፉ አላለፉም» ብሎ መጻፍ በሌለ ውድድር መውቀስ ይሆናል።

ዓመቱን ሳያረጋግጡ ምንም አይመዝግቡ

በዚህ ዘርፍ ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት የዓመት ስሕተት ነው። የክለቦች ውድድር በአየርላንድ የበጋ ወራት፣ በጁላይና በኦገስት ግድም፣ በካውንቲ ይጀመራል፣ የክፍለ ሀገሩ ጨዋታዎች ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ባለው ጊዜ ይካሄዳሉ፣ የአገር አቀፉ ፍጻሜ ደግሞ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሻገራል። ፍጻሜው ለብዙ ዓመታት የሚደረገው ማርች 17 በሚውለው በቅዱስ ፓትሪክ በዓል ዕለት በደብሊን ክሮክ ፓርክ ነበር፤ ከ2020 ወዲህ ወደ ጃንዋሪ መጥቷል፣ በ2022 ብቻ በፌብሩዋሪ ተደረገ። በዚህም ምክንያት አንድ ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን ያገኛቸው ሁለት ዋንጫዎች በሁለት የተለያዩ ዓመታት ይመዘገባሉ። የሊመሪኩ ና ፒርሲ የ2015ን የማንስተር ዋንጫ ይዞ የመላው አየርላንድን ፍጻሜ ያሸነፈው በማርች 2016 ነው። የዋተርፎርዱ ባሊገነር የ2021ን የማንስተር ዋንጫ የወሰደበት ፍጻሜ ራሱ የተካሄደው በጃንዋሪ 2022 ነው። ነገሩ ከጥንቱ ጀምሮ እንዲህ ነበር፤ የ1887 ተብሎ የሚጠራው የመጀመሪያው የመላው አየርላንድ ፍጻሜ የተደረገው በቢር ከተማ በኤፕሪል 1 ቀን 1888 ነውና። የመጀመሪያው የክለቦች አገር አቀፍ ፍጻሜም የ1970–71 ተብሎ ቢመዘገብም የተካሄደው በዲሴምበር 1971 ነው።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሁለት ዓምድ መያዝ ነው፤ በአንዱ የውድድር ዘመኑን፣ በሌላው ጨዋታው የተካሄደበትን ሙሉ ቀን። አቻ ወጥቶ የተደገመ ጨዋታ ካለ ሁለቱም ቀኖች ይመዝገቡ፤ የደብሊኑ ኩዋላና ና ፒርሲ በማርች 2018 በፍጻሜው አቻ ወጥተው በሳምንቱ እንደ ገና ስለ ተገናኙ፣ አንዱን ውጤት ብቻ የያዘ መዝገብ ጎደሎ ነው። ውድድር ያልተካሄደበትንም ዓመት ባዶ ከመተው ይልቅ ምክንያቱን ይጻፉ፤ በ2020 የካውንቲ ውድድሮች ቢደረጉም የክፍለ ሀገርና የአገር አቀፍ የክለቦች ውድድሮች በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት አልተካሄዱም። ዓመታቱን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመለወጥ የሚያስብ አማርኛ ጸሐፊ አንድ ደስ የሚል ነገር ያገኛል፤ የእኛ ዓመት በመስከረም ስለሚጀምር፣ የ2023–24 የውድድር ዘመን የማንስተር ፍጻሜም የአገር አቀፉ ፍጻሜም በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በኅዳርና በጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ይውላሉ። ይህ ለአንባቢ ማብራሪያ ሊሆን ይችላል፤ በመዝገቡ ውስጥ ግን ምንጮቹ የያዙት አቆጣጠር ሳይለወጥ መቆየት አለበት።

ክለቡ ለምን እዚያ እንደ ተገኘ ይጠይቁ

የካውንቲ አሸናፊ ወደ ክፍለ ሀገር ያልፋል የሚለው ደንብ ሁልጊዜ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በኮርክ ሻምፒዮና ከክለቦች ጋር የአካባቢ ጥምር ቡድኖችና የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ይወዳደራሉ። ጥምር ቡድን ማለት በዋናው ደረጃ የማይጫወቱ የአንድ አካባቢ ክለቦች ተጫዋቾች ተሰባስበው የሚያቋቁሙት ሲሆን፣ ካውንቲውን ማሸነፍ ይችላል፤ ክለብ ስላልሆነ ግን ወደ ማንስተር የክለቦች ሻምፒዮና አያልፍም። የምሥራቅ ኮርኩ ኢሞኪሊ በ2017፣ በ2018ና በ2019 ኮርክን በተከታታይ ሲያሸንፍ፣ በማንስተር ኮርክን የወከሉት ሌሎች ክለቦች ነበሩ።

የዚህ ደንብ ውጤት ከሁሉ ጎልቶ የታየው በ2024 ነው። ሳርስፊልድስ የተባለው የኮርክ ክለብ በካውንቲው ፍጻሜ በኢሞኪሊ ተሸነፈ፤ ኢሞኪሊ ማለፍ ስለማይችል ግን ኮርክን ወክሎ ወደ ማንስተር ሄደ፤ በፍጻሜውም ያለፉትን ሦስት ዋንጫዎች በተከታታይ የወሰደውን ባሊገነርን አሸንፎ የክፍለ ሀገሩ ሻምፒዮን ሆነ። የአሸናፊዎችን ዝርዝር ብቻ የያዘ ሰው ይህን ቡድን የካውንቲው ሻምፒዮን አድርጎ ይጽፈዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዓመት የስድስቱን ካውንቲዎች አሸናፊዎችና በማንስተር የተሳተፉትን ክለቦች ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ሁለቱ የማይገጥሙበት ቦታ ሁሉ ሊመረመር የሚገባው ታሪክ አለ። የእኔ ልምድ እንደሚነግረኝ የምርምሩ ፍሬ ያለው ክፍል በአብዛኛው ከእነዚህ አለመግጠሞች ይገኛል።

ስሞችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ሳርስፊልድስ የሚባል ክለብ በኮርክም በጎልዌይም አለ፣ በቲፐራሪ ደግሞ ተርልስ ሳርስፊልድስ አለ፤ ሁሉም ስማቸውን የወሰዱት ከ17ኛው ክፍለ ዘመኑ ወታደር ከፓትሪክ ሳርስፊልድ ነው። ና ፒርሲ የሚባል ክለብም በሊመሪክ ከተማና በኮርክ ከተማ ይገኛል። የጎልዌዩ ሳርስፊልድስ በ1993ና በ1994 የመላው አየርላንድን የክለቦች ዋንጫ ስለ ወሰደ፣ ካውንቲውን ያልጠቀሰ ማስታወሻ ከዓመታት በኋላ ጸሐፊውን ራሱን ያሳስተዋል። ተጫዋቾችም በጨዋታው ዕለት በሚታተመው መጽሔት በአይሪሽ ቋንቋ፣ በጋዜጣው ዘገባ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሊጠሩ ስለሚችሉ፣ አንዱ ሰው እንደ ሁለት ሰው እንዳይቆጠር ሁለቱንም አጻጻፍ በአንድ መዝገብ ሥር ያኑሩ።

ምንጮቹን በቅደም ተከተል ይፈትሹ

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የዘመኑ ጋዜጣ ነው። ዛሬ አይሪሽ ኤግዛሚነር የሚባለው የቀድሞው ኮርክ ኤግዛሚነር ለኮርክ፣ ክሌር ቻምፒየን ለክሌር፣ ሊመሪክ ሊደር ለሊመሪክ፣ ማንስተር ኤክስፕረስ ለዋተርፎርድ፣ ቲፐራሪ ስታርና ኒና ጋርዲያን ለቲፐራሪ፣ ኬሪማን ለኬሪ ተቀዳሚ ምንጮች ናቸው። በደብሊን የሚገኘው የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የቆዩ ጋዜጦችን በማይክሮፊልም ያስነብባል፤ ብዙዎቹም በክፍያ በሚሠሩ የኢንተርኔት ማኅደሮች ይገኛሉ። አንድን ፍጻሜ ሲመረምሩ የሁለቱንም ካውንቲዎች ጋዜጦች ማንበብ ግዴታ ነው፤ የአሸናፊው ወገን ጋዜጣ የድሉን ውበት ሲተርክ፣ የተሸናፊው ወገን ጋዜጣ ደግሞ የተጎዳውን ተጫዋች፣ ያልተቆጠረውን ነጥብና የሜዳውን ጭቃ ይመዘግባል። ሁለቱ ሲጣመሩ ጨዋታው ይታያል።

ከጋዜጣ ቀጥሎ የማኅበሩን ሥራ በካውንቲና በክፍለ ሀገር ደረጃ የሚመሩት የካውንቲ ቦርዶችና የማንስተር ምክር ቤት ቃለ ጉባኤዎችና ዓመታዊ ሪፖርቶች ይመጣሉ። በሜዳ የተገኘ ውጤት ክለብ ባቀረበው አቤቱታ በስብሰባ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ጋዜጣው ሰኞ ዕለት ያወጣው ውጤት የመጨረሻው ላይሆን ይችላል። በክሮክ ፓርክ የሚገኘው የማኅበሩ ሙዚየምና ማኅደር ለዚህ ጠቃሚ ነው። የየክለቡ የራሱ የታሪክ መጽሐፍ ለስሞችና ለፎቶግራፎች ወደር የለውም፤ ለውጤቶችና ለቀኖች ግን ከጋዜጣው ጋር ሳይመሳከር መወሰድ የለበትም።

የሽማግሌዎችን ቃል መሰብሰብ ከሁሉ የሚያስቸኩል ሥራ ነው። በ1964 ፍጻሜ የተሰለፈ የ20 ዓመት ወጣት ዛሬ 80 ዓመት አልፎታል። ማኅበሩ ከ2008 ጀምሮ ያካሄደው የቃል ታሪክ ፕሮጀክት በመላው አገሪቱ ብዙ ምስክርነቶችን አሰባስቧል፤ የአንድ አጥቢያን ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ግን ያ መነሻ ብቻ ነው። ከሽማግሌ ጋር ሲቀመጡ የጋዜጣውን ዘገባ አስቀድመው አያንብቡላቸው፤ መጀመሪያ የሚያስታውሱትን እንደሚያስታውሱት ይናገሩ፣ ከዚያ ዘገባው ይነበብላቸው፣ በመጨረሻም ልዩነቱ ላይ ይነጋገሩ። ስለ ውጤቱ ብቻ አይጠይቁ፤ ማልያውን ማን እንዳጠበ፣ ቡድኑ በምን ተሳፍሮ እንደ ሄደ፣ በዚያ ሳምንት ላሞቹን ማን እንዳለበ ይጠይቁ። ክለቡ አጥቢያ ነው ካልን፣ አጥቢያው በታሪኩ ውስጥ መታየት አለበት።

ዘመናቱን በራሳቸው ምክንያት ያስረዱ

ማስረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ዘመናቱ ራሳቸውን ይገልጣሉ። ከ1971 እስከ 1980 ድረስ የማንስተርን ዋንጫ በተከታታይ የወሰዱት የኮርክ ክለቦች ነበሩ፤ ሦስቱም፣ ብላክሮክ፣ ግሌን ሮቨርስና ሴንት ፊንባርስ፣ የአንድ ከተማ ልጆች ናቸው። ማውንት ሳየን በ1981 ይህን ሰንሰለት በጠሰ። ከ1995 እስከ 2000 ደግሞ ተራው የክሌር ሆነ፤ ሲክስማይልብሪጅ፣ ዉልፍ ቶንስ፣ ክሌርካስል፣ ሁለት ጊዜ ሴንት ጆሴፍስ ዱራ-ቤርፊልድ፣ እንደ ገናም ሲክስማይልብሪጅ ዋንጫውን ከካውንቲያቸው ሳያስወጡ ስድስት ዓመት አቆዩት።

እዚህ ላይ ጸሐፊውን የሚፈትን ቀላል ማብራሪያ አለ፤ የክለቡን ድል በካውንቲው ቡድን ድል መተርጎም። የኮርክ ካውንቲ ቡድን ከ1976 እስከ 1978 የመላው አየርላንድን ዋንጫ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወስዷል፤ ክሌርም ከ1914 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1995፣ ከዚያም በ1997 አሸንፏል። እስከዚህ ድረስ ማብራሪያው ይሠራል። ወደ 21ኛው ክፍለ ዘመን ስንሻገር ግን ይፈርሳል። ና ፒርሲ የማንስተርን ዋንጫ በ2011፣ በ2013፣ በ2015ና በ2017 ሲያነሣ፣ የሊመሪክ ካውንቲ ቡድን ከ1973 ወዲህ የመላው አየርላንድን ዋንጫ አላየም ነበር። ሊመሪክ በ2018፣ ከዚያም ከ2020 እስከ 2023 በየዓመቱ አገሪቱን ሲገዛ ደግሞ፣ በእነዚያ ዓመታት የማንስተር የክለቦች ዋንጫ ወደ አንድም የሊመሪክ ክለብ አልሄደም። ዋንጫውን በ2018፣ በ2021፣ በ2022ና በ2023 የወሰደው ባሊገነር የዋተርፎርድ ክለብ ነው፤ የዋተርፎርድ ካውንቲ ቡድን ደግሞ የመላው አየርላንድን ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያነሣው በ1959 ነው። ባሊገነር በፌብሩዋሪ 2022 የኪልኬኒውን ባሊሄል ሻምሮክስ በሃሪ ራድል የመጨረሻ ደቂቃ ግብ 2-17 ለ 1-19፣ ማለትም 23 ለ 22 ሲያሸንፍ፣ የመላው አየርላንድን የክለቦች ዋንጫ ያገኘ የመጀመሪያው የዋተርፎርድ ክለብ ሆነ።

ስለዚህ ማብራሪያውን በክለቡ ውስጥ ይፈልጉ፤ በአካባቢው ትምህርት ቤቶች፣ በወጣት ቡድኖቹ ውጤቶች፣ ከሥራ ፍለጋ ስደት በተረፈው ወይም በጎደለው ትውልድ፣ በከተማው መስፋፋት፣ ሜዳውን በገዙት ሰዎች። ና ፒርሲ በ1968 የተመሠረተ ክለብ ሲሆን፣ የሊመሪክን ዋና ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ2011 ነው፤ በዚያው ዓመትም ማንስተርን ጨመረ። በመካከል ያሉት 43 ዓመታት የታሪኩ ባዶ ቦታ አይደሉም፤ የ2011 ድል ማብራሪያ የሚገኘው በእነርሱ ውስጥ ነው፣ ምዕራፉም ለእነርሱ ሰፊ ቦታ መስጠት አለበት።

ተሸናፊዎቹን በስማቸው ይጻፉ

የፍጻሜ ተሸናፊዎችን፣ ከተቻለም ሙሉ ሰልፋቸውን፣ ከአሸናፊዎቹ እኩል ይመዝግቡ። ባሊገነር ሦስቱን ተከታታይ ዋንጫዎች ከማንሣቱ በፊት በ2015ና በ2017 በና ፒርሲ፣ በ2019 ደግሞ በቲፐራሪው ቦሪስ-አይሊ በፍጻሜ ተሸንፎ ነበር፤ እነዚያን ሽንፈቶች ያልያዘ መዝገብ የኋላውን ድል ከየት እንደ መጣ ሊያሳይ አይችልም።

ረቂቁ ሲያልቅ፣ በውስጡ ለተጠቀሰው ለእያንዳንዱ ክለብ ጸሐፊ የየክለቡን ክፍል ልከው እንዲያርሙት ይጠይቁ፤ እርማቱን ግን ሰነድ ሲደግፈው ብቻ ያስገቡ። ሁለት ምንጮች የተለያየ ውጤት ከሰጡ ሁለቱንም አስፍረው የትኛውን ለምን እንደ መረጡ በዚያው ገጽ ይግለጹ። የቃል ምስክርነቶቹን ቅጂ፣ ከተናጋሪዎቹ የጽሑፍ ፈቃድ ጋር፣ ለካውንቲው ቤተ መጻሕፍት ያስረክቡ፤ ቀጣዩ ጸሐፊ ከዚያ እንዲጀምር።